ለአንድ ቀን ድሬዳዋ

ባለፈው ሳምንት ላፍቶ በሚገኘው መሥሪያ ቤታችን የዘንድሮው የባህል ጉብኝት የት ይሁን ተብሎ ስብሰባ ተጠርቶ፣ ገና በሩን ሳልፍ የዘይቱን ሽታ ተቀበለኝ። አንዱ የሥራ ባልደረባችን ዘመዶቹ ከድሬዳዋ የላኩለትን ዘይቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግፎ፣ ጠዋት በአውሮፕላን ሄደን፣ አሮጌውን ባቡር ጣቢያና የድሮዎቹን ሰፈሮች አይተን፣ ማታ ቤታችን እንገባለን፣ ቤተሰብ ይዞ መምጣትም ይቻላል እያለ ያስረዳል። ከተማውን የሚያውቅ ሰው አለ ወይ ሲባል ሳላስበው እጄን አወጣሁ፤ ከዚራ ሰፈር በዛፎቹ ጥላ ሥር እንዴት እንደሚኬድ፣ ቀፊራ ገበያ በማለዳ ካልተገባ ሙቀቱ እንደማያስቆም፣ ደረቁን ወንዝ ደቻቱን ስንሻገር ጫማችን ውስጥ አሸዋ እንደሚገባ፣ ሁሉንም ዘረዘርኩላቸው። ስንት ጊዜ ሄደሽ ነው ሲሉኝ አንድም ቀን አልሄድኩም አልኩ። ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁና አንድ ዘይቱን አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፤ ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማሁም።

እናቴ የድሬ ልጅ ናት። አባቴ ወጣት ሳለ ለሥራ ወርዶ አያት፣ ወደዳት፣ አገባትና ያኔ ጤፍና ሽምብራ ይዘራበት ወደነበረው ላፍቶ ይዟት መጣ፤ የሰፈራችንን ብርድ እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም። ክረምት በገባ ቁጥር ሹራብ በሹራብ ላይ ደርባ የጭቃውን መንገድ በመስኮት እያየች «አቦ ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት አገር ነው!» ትል ነበር፤ እኔና ወንድሜ ሌላ አገር አናውቅምና ግራ ይገባን ነበር። በእሷ አገር ሰው ማታ ማታ አልጋውን ግቢ አውጥቶ ኮከብ እያየ ይተኛል፤ ወንዙ ውሃ የለውም፣ አሸዋ ነው፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ የእናቷ ግቢ ውስጥ ደግሞ የዘይቱን ዛፍ አለ፣ ከቅርንጫፉ ቀጥፎ እዚያው መብላት ነው።

እናቷን ካየች ዓመታት አልፈው ነበር። መንግሥት ተለውጦ አገሩ ረጋ ሲል እሄዳለሁ አለች፤ ችግሩ ቦራ የምትባል ላም ነበረችን። ቦራ ከእናቴ እጅ በቀር ለማንም አትታለብም፤ ብዙ ከተለመነች ለጎረቤታችን ለአዴ ጫልቱ እሺ ትላለች፣ እሱም ቶሎ ይሰለቻታል። ስለዚህ የድሬ ቆይታችን የአንድ ቀን ሆነ፤ ባቡር ላይ አድረን ጠዋት እንገባለን፣ ስንዞር እንውላለን፣ በማታው ባቡር እንመለሳለን። አባቴ «ለአንድ ቀን ብለሽ ሁለት ሌሊት ባቡር ላይ? አንቺ ሴትዮ ጤናም የለሽ!» እያለ ይስቅባት ነበር።

ያቺ አንድ ቀን እንዳትባክን ታዲያ ልምምድ ጀመርን። ከራት በኋላ አግዳሚውን ግድግዳ ታስጠጋና ባቡር ነው ትላለች፤ እኛ እንሳፈራለን፣ እሷ የጣቢያዎቹን ስም ትጠራለች። መተሃራ ስትል ሹራብ እናወልቃለን፣ አዋሽ ስትል ውሃ እንጠጣለን፣ ሚኤሶ ስትል ወንድሜን አንገትህን በመስኮት አታውጣ ብላ ትቆጣዋለች፣ መስኮት ባይኖርም። ድሬ ስንገባ ከአልጋው እስከ ቁምሳጥኑ ከዚራ ነው፤ ምንጣፉ ደቻቱ ነውና አሸዋው እንዳይዘን እግራችንን ከፍ ከፍ እናደርጋለን፤ የጓዳው በር የአያቴ በር ነው። እዚያ ስንደርስ «እማማ!» ብለን መጮህ አለብን፣ አያቴ ዓይኗ እየደከመ ስለሆነ በድምፃችን ነው የምትለየን። ድምፃችን ከሰነፈ ከለገሀር ጀምረን እንደገና እንሄዳለን። ሙቀቱንም እንድንለምደው ብላ በጋ ላይ በጠራራ ፀሐይ ሹራብ አልብሳ ደጅ ታስቀምጠን ነበር፤ ያየ ሁሉ ደግሞ ዛሬ ምን አጥፍተው ነው ይላል።

ከዓመት ዓመት አንድ ነገር እየጠለፈው ቀረ፤ አንዴ ቦራ ወለደች፣ አንዴ ጣሪያው አፈሰሰ፣ አንዴ ወንድሜ ታመመ። በመጨረሻ ታናሽ እህታችንን ስታረግዝ ቆረጠች። «ይወለድና ክርስትና ይነሣ እንጂ አቅፌው እሄዳለሁ፤ እናቴ ዓይኗ ጨርሶ ሳይጠፋ ልጄን ትይልኝ» አለች። የምትፈልገው ይህንኑ ብቻ ነበር።

ሆዷ ገፍቶ መራመድ በከበዳት ሰሞን አባቴ ተለወጠ። አንድ ምሽት ከፋብሪካ ሲመለስ ባለሱቁ ጠርቶት፣ በሰፈሩ ስልክ የነበረው እሱ ዘንድ ብቻ ነበርና፣ አምሽቶ ገባ። ራት አልበላም። እናቴ አግዳሚውን ስታስጠጋ ግን ተነሥቶ መጥቶ አጠገባችን ተቀመጠ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳይሳፈር የቀረበት ልምምድ የለም፤ አዋሽ ስትል ከእኛ ቀድሞ ብርጭቆውን ያነሳል፣ ምንጣፉን ሲሻገር ያን ረጅም እግሩን እንደ ሽመላ ያነሳና እኛን በሳቅ ይገድለናል። እናቴ የምትሆነው ጠፋት፤ «አባታችሁ ልቡ ራራልኝ» እያለች ለመጣ ለሄደው ታወራለች።

አያቴ ሞታ ነበር። ባለሱቁ ለአባቴ የነገረው ይህንኑ ነው። ለነፍሰ ጡርና ለአራስ መርዶ አይነገርምና እናቴ ወልዳ እስክትጠና ድረስ ይደበቅ ብሎ ሰፈሩ ተማከረ፤ እኛንም አምልጧቸው ይናገራሉ ብለው አልነገሩንም። እናቴ ስለ ዘይቱኑ ዛፍ ማውራት ስትጀምር አዴ ጫልቱ ከብቶቼን ልይ ብለው ብድግ ይላሉ፤ እሷ ደግሞ ምን ነካቸው፣ ዘንድሮስ መቀመጥ አቃታቸው ትለናለች። እኔ ግን እውነቱን ልናገር፣ በልጅነቴ እንደዚያ ሰሞን ደስ ያለው ቤት አላስታውስም። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

እህቴ ተወለደች፤ ሀና ማርያም ክርስትና ተነሣች። አባቴ የሚቀጥለው ሳምንት፣ ደግሞ የሚቀጥለው ይላል። ሊነግራት አፉን ይከፍትና፣ ገና አንገቷ ያልጸናውን ልጅ «እማማ በይ» እያለች ስታለማምዳት ያያትና ይተወዋል። እናቴ መጠበቅ ሰለቻትና አንድ ቀን ልጅቷን አዝላ ራሷ ለገሀር ሄዳ ትኬት ቆርጣ መጣች።

ባቡሩ የሚነሣው ከሰዓት በኋላ ነው፤ እሷ ግን ጎህ ሲቀድ ለብሳ ጨርሳለች። ለእናቷ የጋገረችው ድፎ ዳቦ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ እኔም ለድሬ ሙቀት ያሰፋችልኝን ስስ ቀሚስ ለብሼ በብርድ እንቀጠቀጣለሁ። የግቢው በር ተከፈተና ጎረቤቶች መግባት ጀመሩ፤ መጀመሪያ አዴ ጫልቱ፣ ከኋላቸው ሌሎቹ፣ ግቢው እስኪሞላ። እናቴ ፊቷ በራ። «ውይ በሞትኩት! ለአንድ ቀን መንገድ ይሄ ሁሉ ሰው ሊሸኘኝ?» አለችና የምታስቀምጥበት አጣች፤ ያንን አግዳሚ፣ ባቡራችንን፣ ወደ ደጅ መጎተት ጀመረች። ማንም አልተቀመጠም። አባቴ የጋቢውን ጫፍ አፉ ላይ ይዞ በሩን ተደግፎ ቆሟል። አዴ ጫልቱ ቀረብ ብለው ልጅቷን ከእቅፏ ሲቀበሏት እናቴ ቀና ብላ አየቻቸው፤ ነጠላቸው ተዘቅዝቋል። የሌሎቹንም ነጠላ አየች። «እማማ?» አለች። እኛን እንዳስተማረችን ጮክ ብላ አልነበረም፤ ለራሷ እንኳን በማይሰማ ድምፅ ነበር።

ድፎ ዳቦው ለለቅሶ ለመጣው ሰው ተቆረሰ። ለቅሶው በርዶ ሰው ሲበተን እናቴ አባቴን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ «ያን ሁሉ ማታ አብረኸኝ ስትሳፈር ወዴት እየወሰድከኝ ነበር?» አለችው። ተጣልተው አልኖሩም፣ አባቴ ደግ ባል ነበር። አግዳሚው ግን እንግዳ ማስቀመጫ ሆኖ ቀረ።

አሁን ላፍቶ ጤፍ የሚዘራበት መሬት የለም። አባቴም፣ አዴ ጫልቱም፣ ቦራም የሉም፤ አሮጌው ባቡርም ቆሟል። ሄዶ ውሎ መመለስ ማንንም የማያስቅ ተራ ነገር ሆኗል፤ ለዚያች አንዲት ቀን ስንት ዓመት የተዘጋጀነው ግን አንድም ጊዜ አልሄድንም።

ከስብሰባው እንደወጣሁ እናቴ ዘንድ ሄድኩና ዘይቱኑን እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። አርጅታለች፣ ጥርስም የላት፤ አፍንጫዋ ሥር ይዛ ብዙ ቆየች። እማዬ፣ ቤተሰብ ይዞ መምጣት ይቻላል ተብሏል፣ ለአንድ ቀን ልውሰድሽ አልኳት። ዘይቱኑን መልሳ እጄ ላይ አኖረችውና ነጠላዋን አስተካከለች።

«አቦ ተይኝ» አለች። «ሄጄ ‹የለችም› ከምባል፣ እኔ እዚህ ልሁንና እሷም እዚያ ትጠብቀኝ።»