የላዩ ጥቁር ውሃ

ከግብፅ አብዮት ወዲህ የዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ አንድ ሳምንት ተከፍቶ ሁለት ሳምንት ይዘጋ ነበር። ሰልፍ ሲወጣ ይዘጋል፣ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ይዘጋል፣ ዘበኛው ሲፈራም ይዘጋል። እኔ ደግሞ መጠበቅ የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ሥራዬን ጠቅልዬ አርድ ኤል ሊዋ በሚባል የካይሮ ሰፈር፣ ከእትዬ ጋር የምንኖርበት ቤት ኩሽና አስገባሁት። እትዬ የሥጋ ዘመዴ አይደለችም። ካይሮ የገባሁ ሰሞን ፍራሿን ያካፈለችኝ፣ ሰው ቤት እየሠራች የምትኖር የአዲስ አበባ ሴት ናት።

ሥራው እንዲህ ነው። የእርሳስ እምብርት የሚሠራበት ግራፋይት ቅጠል በቅጠል ላይ የተነባበረ ነገር ነው። ውሃና የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ተጨምሮበት በብሌንደር ሲመታ ድርብርቡ ይላጣል፤ በዓይን የማይለይ ስስ ቅጠል ይወጣዋል። ሳሙናው ቅጠሎቹ ተመልሰው እንዳይጣበቁ ይከላከላል። ከዚያ ማሳደር ነው፤ ያልተላጠው ወፍራሙ ከታች ይዘቅጣል፣ ስሱ ከላይ ባለው ጥቁር ውሃ ውስጥ ተንሳፍፎ ይቀራል። የሚፈለገውም ይኸው የላዩ ነው።

አንድ ማንኪያ መሥራት ማንም ይችላል። በሙከራ የተቀበሉኝ ፕሮፌሰር ግን የፈለጉት ብዛት ነበር። "ቅዳሜ ጠዋት አንድ ጀሪካን ሙሉ አምጪ። ካመጣሽ የማስተርሱ ቦታ ያንቺ ነው፤ ካላመጣሽ ለሌላ እሰጠዋለሁ" አሉኝ። ቦታውን ካጣሁ የተማሪ መኖሪያ ፈቃድ የለም፣ ፈቃድ ከሌለ እንደ እትዬ የሰው ወለል መወልወል ነው። እትዬ ይህን ስትሰማ፣ "አይ አንቺ ጉደኛ፣ እኔ የወለወልኩት ለሁለታችንም ይበቃል" አለች።

ያን ሳምንት መብራት በመጣ ቁጥር ስመታ ሰነበትኩ። ሐሙስ ባልዲው ሞላ፤ ኩሽና ጥግ አስቀምጬው ተኛሁ። ዓርብ ጠዋት ስነሳ ባልዲው በንጹሕ ፎጣ ተሸፍኗል። ብገልጠው ጭቃ የመሰለ ዝቃጭ ብቻ!

"እትዬ! ውሃው የት ሄደ?"

"ደፋሁልሽ እንጂ!" አለች ደስ ብሏት። "ላዩ ላይ ጠቁሮ ቁጭ ብሎ አየሁታ። ይህች ልጅ ሊጥ አቡክታ አታውቅ፣ ሳይበላሽባት ልድረስላት አልኩ። ወፍራሙን አስቀርቼልሻለሁ።"

ምን ይባላል? ሊጡ ላይ ያቀረረውን ውሃ ደፍቶ ወፍራሙን የማያስቀር አበሻ የት ይገኛል! ያን ጠዋት ግን ይህ አልታየኝም። "ወይኔ ጉዴ! በቁሜ ቀበርሽኝ!" ብዬ ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩ። የላዩ ምን እንደነበር ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣች።

ስትመለስ እዚያው ሕንፃ የሚኖሩ ሦስት የአገራችን ሴቶች ብሌንደራቸውን ይዘው ተከትለዋታል። ግብፅ ውስጥ ዓርብ የሁሉም የዕረፍት ቀን ነው። እኔም በረድ ብዬ ነበርና፣ ዝቃጩ ውስጥ ገና ያልተላጠ ብዙ አለ፣ አዲስ ውሃና ሳሙና ጨምረን እንደገና እንምታው አልኳቸው። አንዷ ግን ብሌንደሯን አቅፋ በሩ ላይ ቆመች።

"ፍልሰታ ነው፤ ይሄ ነገር ጾም ነው ፍስክ?"

"እርሳስ ነው እቴ! እርሳስ ምን ቅቤ አለው?" አልኳት።

"አንቺን አልጠየቅሁም" ብላ ወደ እትዬ ዞረች።

"ጾም ነው፣ አስገቢው" ብላ እትዬ ፈረደች።

አራት ብሌንደር በአንድ ቤት ሲጮህ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የታችኛው ጎረቤት ታንክ ገባ ብሎ እየሮጠ ወጣ። የአንዱ ሞተር ሲግል ያርፋል፣ ሌላው ይተካል። ሴቶቹ እስከ ጆሯቸው ጠቁረው አንዷ በሌላዋ ትስቃለች። በመጨረሻ መብራት ሲጠፋ "ኸላስ፣ በቃ!" ብለን ወለሉ ላይ ተዘረርን፤ ባልዲው ግን ሞልቷል። ያን ምሽት እትዬ ውሃ ለመጠጣት እንኳ ኩሽና የገባችው እኔን አስፈቅዳ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የላዩን በጀሪካን ቀድቼ ሄድኩ። ፕሮፌሰሩ ጥቂቱን በብርጭቆ አድርገው መስኮት ላይ አኖሩት፣ ጠብታውን በማይክሮስኮፕ አዩ፣ ሻያቸውን ጠጡ፣ ተመልሰው የብርጭቆውን ግርጌ አዩ። ምንም አልዘቀጠም።

"ብቻሽን ነው ይህን ሁሉ የሠራሽው?"

"አንድ ቤት ሙሉ ሴት ነን።"

ሳቁ። "እሑድ ሥራ ጀምሪ" አሉኝ።

ደረጃው ላይ ቆሜ ለእትዬ ደወልኩ። አሠሪዋ ማዳም ቤት ሥራ ላይ ነበረች። "አለፍኩ!" ስላት በስልኩ ውስጥ እልልታዋን አቀለጠችው። ማዳሟ "ምን ሆንሽ?" እያለች ስትሮጥ ኮቴዋ ይሰማኛል። ከ"አንቺ ጉደኛ" በቀር በሌላ ስም ጠርታኝ የማታውቀው እትዬ ትንፋሿ እየተቆራረጠ በዐረብኛ መለሰችላት፦

"ልጄ አለፈች፣ ማዳም! ልጄ!"

እኔም ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።