የጠቆረው የብር መስቀል

ዓርብ ዓርብ፣ አርብ ገበያ በምትባለው ከተማ፣ ከጨው ተራው አለፍ ብሎ የልብስ ሻጮቹ ዳስ ከመጀመሩ በፊት፣ ትርሲት ተሻገር ትቀመጣለች። የምትሸጠው ነገር የላትም። ፊት ለፊቷ አንድ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ፣ የታጠበ ነጭ ጨርቅ፣ ከተበላሸ ራዲዮ የወጣ ማግኔትና ሙቅ ውኃ የያዘ ፔርሙዝ ይቀመጣሉ። ብር ሊገዛ የወጣ ሰው ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት ዕቃውን ይዞ እሷ ዘንድ ጎራ ይላል። እሷም አገላብጣ ታየውና ነው ወይም አይደለም ትላለች። ከዚያ በኋላ ክርክር የለም፤ ሻጩም ቢሆን አፉን ይይዛል።

ይህን ያስተማሯት አባቷ ናቸው። አያ ተሻገር ጠገራ ብር አቅልጠው መስቀልና ድሪ የሚሠሩ፣ እስከ ስማዳ ድረስ ስማቸው የሚነሣ አንጥረኛ ነበሩ። ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ወናፉን የምትነፋላቸው ትርሲት ነበረች። እሳቸው ካረፉ በኋላ ከሰል ማቀጣጠሉን ብትተወውም የተበጠሰ ሰንሰለት ትቀጥላለች፣ የላላ ማንጠልጠያ ታጠብቃለች። ባሏ ወርቅነህም ልጅ ሳይወልዱ ነው የሞተባት።

የአካባቢው ሰው ይወዳታል ቢባል ሐሰት አይደለም። እጇን ያመሰግናል፣ ቃሏን ያምናል፣ በበዓል ጠላ ይጠራታል። ሆኖም ልጅ ያዘለች ሴት ወደ እሷ ስትጠጋ ነጠላዋን ወደ ኋላ ሳብ ታደርግና የልጁን ፊት ትሸፍናለች። የአንጥረኛ ዘር ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ሕፃን ይበላል የሚለውን የድሮ ወሬ ፊት ለፊት የሚነግራት የለም። ነጠላዋ ግን ትናገራለች። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት እሷ ያየችው መስቀል አንድ ሕፃን አንገት ላይ ጠቁሮ፣ ልጁም ታምሞ፣ እናቱ ገበያ መሐል ቆማ፣ "መስቀሉ እንኳ ሳይቀር ጠቆረ፤ በላችብኝ" ብላ ነበር። ልጁ በሳምንቱ ድኖ፣ ዛሬ ከብት ያግዳል። ወሬው ግን አልጠፋም።

ስለዚህ ትርሲት ለማንም ያልነገረችው አንድ ምኞት ነበራት። አንድ ልጅ ክርስትና ማንሣት። የወረዳውን ልጆች መስቀል ሁሉ በእጇ አገላብጣለች፤ መስቀሉን ያሰረውን ልጅ ግን አንድም ቀን ታቅፋ አታውቅም።

አንድ ዓርብ የመጣችው ህይወት ናት። የተስፋሁን ሚስት፣ ቤቷ ከገበያው ጫፍ፣ አሥረኛ ክፍል ድረስ የተማረች፣ ነገር ሲነግሯት "ለምን?" ሳትል የማታልፍ ሴት። ሕፃን ልጇ ሰማንያ ቀኗ ሊሞላ ዘጠኝ ቀን ቀርቷት ስለነበር ከአማቷ ጋር ቤት ትታት ነው የወጣችው። ሦስት መስቀሎች በመዳፏ ይዛለች። የመስቀሎቹ ባለቤት፣ ከቻርጀርና ከመስታወት ጋር መስቀል የሚያዞር ነጋዴ፣ እንዳትጠፋበት ተረከዝ በተረከዝ ተከትሏታል።

"እትዬ ትርሲት" አለች ቁጢጥ ብላ፣ "ነው አይደለም እንዲሉኝ አይደለም የመጣሁት። እንዴት እንደሚለይ እንዲያስተምሩኝ ነው።"

የመጀመሪያ ልጇ መስቀል ሲገዛ የሚያብለጨልጭ ነበር። በሦስት ወሩ አንገቱ አረንጓዴ ሆኖ፣ ቆዳው ሽፍ ብሎ፣ ልጁ ሲያክ ከረመ። ሁለተኛ እንዳልታለል ብላ ምላለች።

ትርሲትን እስከዚያ ቀን እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ከዚያ ማግኔቱን አንሥታ ሰጠቻት። አንደኛው መስቀል ገና ሲጠጋ ዘሎ ተለጠፈ።

"ይኸ ሚስማር ነው" አለች ትርሲት።

"ለሕፃን ጠንከር ያለ ይሻላል ብዬ ነው እኮ" አለ ነጋዴው፤ ዙሪያው የቆሙት ሳቁ።

ሁለቱ አልተለጠፉም። ህይወት ደስ ሊላት ሲል ትርሲት ያዘቻት። ማግኔት ብረትን እንጂ ነሐስን አያጋልጥም፤ ያልተለጠፈ ሁሉ ብር አይደለም አለቻት። ነጋዴው ጎንበስ ብሎ የሚያብረቀርቀውን መስቀል ጀርባ አሳየ። ዘጠኝ መቶ ሃያ አምስት የሚል ቁጥር ተመትቶበታል፤ ይኸ ዓለም የሚያውቀው የብር ምልክት ነው አለ። ትርሲት ቁጥሩን የሚመታው መዶሻ ነው፣ መዶሻ ደግሞ በያዘው ሰው እጅ ነው የሚያድር ብላ መለሰችለት። ከዚያ ህይወትን ማንጠልጠያው ቀዳዳ ውስጥ እንድታይ ነገረቻት። ክር የሚፈትገው እዚያ ስለሆነ ቅብ መጀመሪያ የሚለቀው እዚያ ነው። ህይወት መስቀሉን ወደ ፀሐይ አዙራ አየችው። የቀዳዳው ከንፈር ቢጫ ነው።

"አሁን መዳፍሽ ውስጥ ጨብጠሽ ያዥው። ሲልብሽ አሽትቺው።"

ጨበጠች፣ ቆየች፣ አሸተተች። ፊቷ ተኮማተረ። የአሮጌ ሳንቲም ሽታ ነበር።

ሦስተኛው መልክ የለውም። ደብዛዛ ነው፣ ጠርዙ ተበልቷል፣ ነጋዴውም እንዲሁ ለማብዛት ያመጣው ይመስላል። ትርሲት ድንጋዩ ላይ ጠብ አደረገችው፤ ድምፁ ጠርቶ ቆየ። ቀጥሎ የነሐሱን ጣለችው፤ ደረቅ አለና ቆመ። ደብዛዛውን በነጭ ጨርቁ ስታሸው ጥቁር ዱካ ተወ። በመጨረሻ ከፔርሙዙ ሙቅ ውኃ በጣሳ ቀድታ፣ ህይወት ደብዛዛውን በጫፉ ይዛ ታችኛውን ክንፍ እንድትነክር አደረገች። ህይወት ወዲያው ጣቷን አራገበች። እንደ ብር ሙቀት የሚያሳልፍ የለም፤ ውኃው ሳይነካሽ ጣትሽ ይሰማል አለቻት። ደግሞ አስጠነቀቀቻት፦ በአንዱ ብቻ አትፍረጂ፣ ሁሉም አንድ ቃል ሲናገሩ ነው የምትከፍዪው።

ህይወት ደብዛዛውን ገዛች። ነጋዴው መልክ የሌለውን ስለመረጠች እያዘነላት ሄደ።

መስቀሉን በወረቀት ስትጠቀልልላት ትርሲት የሕፃኗ ክርስትና እናት ማን እንደሆነች ጠየቀቻት። የተስፋሁን እህት ኢየሩሳሌም ነበረች፤ ቀኗ ሳይደርስ ወልዳ አራስ ቤት ገባች አለች ህይወት። አራስ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ሌላ ሰው እየፈለጉ ነው። ትርሲት አንገቷን ደፋች። ምላሷ ላይ የመጣውን ዋጠችው። ሌላም የዋጠችው ነገር ነበር። ብር ይጠቁራል፣ ሲጠቁር አትደንግጪ ልትላት ፈልጋ ነበር። ግን ያ ቃል ከእሷ አፍ ሲወጣ ምን እንደሚመስል ስለምታውቅ ተወችው።

ረቡዕ ጠዋት ህይወት የትርሲት በር ላይ ቆመች። አማቷ እትዬ ዘርፌ አጥሩ ጋ ቀርተዋል፤ ግቢውን አልገቡም። ህይወት ጨርቅ ፈታ መስቀሉን አሳየቻት። እንደ ምጣድ ቂጥ ጠቁሯል።

ለትርሲት ያ የገበያ መሐል ቀን ተመልሶ የመጣ መሰላት። ቢሆንም እጇ ልማዱን አልረሳም፤ መስቀሉን ተቀብላ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። አንድ ጊዜ አሸተተች፣ ደገመች። ቀና ብላ ህይወትን አየቻት።

"ነጭ ሽንኩርት ነበረበት?"

ህይወት ፊቷ ቀላ። አጥሩ ጋ ያሉት እትዬ ዘርፌም መሬት መሬት አዩ። በዚያ አገር ነጭ ሽንኩርት ተወቅጦ ከጤና አዳም ጋር ጨርቅ ውስጥ ሲቋጠር ለምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ለቡዳ መከላከያ ነው። መስቀሉ የትርሲት እጅ ያረፈበት ስለሆነ እትዬ ዘርፌ ለምራታቸው ሳይነግሩ ከዚያው ቋጠሮ ውስጥ ከተውት ነበር፤ ህይወት ያወቀችው ጠቁሮ ስታገኘው ነው። አዎ ማለት ይህን ሁሉ መናገር ነው።

ትርሲት አላስጨነቀቻቸውም። "አራስ ቤት ነጭ ሽንኩርት ይቀመጣል፤ ያለ ነው" አለችና ምድጃዋ ጋ ሄዳ የነፋችውን አመድ በእርጥብ ጨርቅ ይዛ ተመለሰች። እየፈተገች በቀስታ ተናገረች። ነጭ ሽንኩርት፣ እንቁላል፣ የሰው ላብ፣ የምድጃ ጭስ ብርን ያጠቁሩታል። ሐሰተኛው ቢሆን አረንጓዴ ያወጣ ነበር። ጥቁረቱ ራሱ የብርነቱ ምስክር ነው።

"ሰልፈር!" አለች ህይወት ድንገት። ኬሚስትሪ ላይ ተምረውት እንደነበር ትዝ አላት። ነጭ ሽንኩርት ውስጥ አለ፤ ከብር ጋር ሲገናኝ ያጠቁረዋል። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲጽፉት ለፈተና ሸምድዳ ነበር እንጂ እቤቷ ይመጣል ብላ አላሰበችም።

መስቀሉ ከአመዱ ሥር እየነጣ ወጣ። እትዬ ዘርፌ ግን ከአጥሩ ሳይላቀቁ፣ "ትምህርቱስ ይሁን። እኔ የልጄ ልጅ አንገት ላይ አላስረውም" አሉ።

ትርሲት መፈተጓን አቆመች። እኚህ ሴት ማተባቸው ላይ ከእናታቸው የወረሱት የብር ኩክ ማውጫ እንዳለ አገር ያውቃል። አንድም ቀን ለማሳየት አምጥተውት አያውቁም።

"እትዬ ዘርፌ፣ አንቱ አንገት ያለውን እኔ ነክቼው አላውቅም። ከዚያው ነጭ ሽንኩርት ጋር ቋጥረው እስከ ዓርብ ያቆዩት። ከጠቆረ ሽንኩርቱ ነው። ካልጠቆረ እኔን ያሉኝን ይበሉኝ።"

ይህን ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ኩክ ማውጫውን ሲያወጡት በዓይኗም እንዳታየው ብላ ነው። ጀርባዋን ሰጥታ እንደቆመች እግራቸው ሲርቅ ሰማች። ህይወት ነጠላዋን ከትከሻዋ ላይ ስታስተካክልላት ነው አንዷ መቅረቷን ያወቀችው።  ነጠላውን አስተካክላላት አማቷን ተከትላ ሄደች።

ሐሙስን ትርሲት እንዴት እንዳሳለፈችው እሷ ታውቃለች። ያ ኩክ ማውጫ ብር ባይሆንስ? እናትየው ተታልለው የገዙት ቢሆንስ? ነሐስ ከሆነ አይጠቁርም፤ ያን ጊዜ ነጭ ሽንኩርቱ ንጹሕ፣ እሷ ጥፋተኛ ልትሆን ነው። ሳታየው ዋስ ጠራችው። ሰው ሁሉ አይተሽ ፍረጂ እያለ የሚመጣባት ሴት፣ ለራሷ ሳታይ ፈረደች።

ዓርብ ገበያው ሲሞላ እንደ ወትሮው ተቀመጠች። ሁለት ሰው ቀለበት አሳያት፤ የመጀመሪያውን ሁለት ጊዜ ድንጋይ ላይ ጣለችው፣ ጆሮዋ አልሰማ ብሏት። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ እትዬ ዘርፌ በጨው ተራው በኩል መጡ። ሕፃኗን ራሳቸው በአንቀልባ አዝለዋታል። ህይወት ከኋላቸው ናት።

ሳይቀመጡ አንድ ነገር ነጩ ጨርቅ ላይ ጣሉላት። ኩክ ማውጫው ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠቁሯል።

"ዓይንሽ እኔ ቤት ድረስ አልመጣም" አሉ። "ሃምሳ ዓመት አንገቴ ላይ ሲንጠለጠል ብር መሆኑንም ገና ዛሬ አወቅሁ። በይ አጽጂልኝ።"

ትርሲት አነሣችው። አመዱን ስትፈልግ እጇ ፔርሙዙን ገለበጠ፤ ህይወት ቀጥ አደረገችው።  ህይወት ጎኗ ቁጢጥ ብላ የሆነውን ነገረቻት። ትናንት ቄስ ተክለ ማርያም ዘንድ ሄዳ፣ ትርሲት ልጄን ክርስትና ታንሣልኝ ወይ ብላ ጠይቃ ነበር። እሳቸውም፣ የምትጾም የምትቆርብ ክርስቲያን፣ ልጅ እንዳታነሣ የሚከለክል የት አንብበሻል ብለው ተቆጧት። ቁጣውን ይዛ ለአማቷ አደረሰች። እትዬ ዘርፌ እስከ ማታ ድረስ አላናገሯትም፤ ዛሬ ጠዋት ተነሥተው ግን አንቀልባውን ራሳቸው ጠየቁ።

እትዬ ዘርፌ ጎንበስ ብለው አንቀልባውን ፈቱ። ሕፃኗ ከእንቅልፏ ነቅታ ዓይኗን በፀሐዩ ጨፈን ገለጥ አደረገች። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም፤ ነጠላም፣ ሻሽም። ኩክ ማውጫውን ከትርሲት እጅ ወሰዱና በምትኩ ሕፃኗን አስታቀፏት።

ትርሲት ክንዷን ወዴት እንደምታደርግ አላወቀችም። የሕፃኗ አንገት ወደ ኋላ ዘንበል አለና ማልቀስ ጀመረች።

"እንዲህ አይያዝም" አሉ እትዬ ዘርፌ፣ የትርሲትን መዳፍ በራሳቸው እጅ ከሕፃኗ ማጅራት ሥር እያስገቡ። "ነገ ወዲያ ከጥምቀቱ ውኃ የምትቀበያት አንቺ ነሽ። ርሳ ታዳልጣለች። አንገቷን ደግፊ።"

ትርሲት ደገፈች። ሕፃኗ ትንሽ አለቀሰች፣ ከዚያ ተወች።

"ቅዳሴው ስንት ሰዓት ይገባል?" አለች ትርሲት ቀና ሳትል።