ቅዳሜ የማይወርድ ጣሳ

ባለፈው ሳምንት ማር ልገዛ ሰፈሬ ካለው ሱፐርማርኬት ገብቼ ማሬን አጣሁት። ስንት ዘመን ከለመድኩት መደርደሪያ ፊት ቆሜ መነጽሬን አውልቄ ብጠርግ፣ መልሼ ባደርግ፣ የማውቀው ማር የለም። የምትሸጠው ልጅ አዘነችልኝ መሰለኝ መጥታ አንድ ጥቁር ክዳን ያለው ማሰሮ መሳይ ነገር ሰጠችኝና «እማማ፣ ያው እኮ ነው፣ መልኩን ቀይረውት ነው» አለችኝ። አምና ንብ ነበረበት፣ ከዚያ ንቧ ጠፍታ አበባ ሆነ፣ አሁን ደግሞ አበባውም ሄዶ ምን እንደሆነ ያልገባኝ ክብ ነገር ተተክቷል። «ያው ከሆነ ለምን ቀየሩት?» ብላት «እሱን እንጃ» አለች። እኔም ማሰሮውን ከቦታው መልሼ ባዶ እጄን ወጣሁ። ግትር አሮጊት ይበሉኝ ግድ የለም፤ ግትርነቱን ያወረሰችኝ እናቴ ናት፣ ነፍሷን ይማርና።

እናቴ አንጓች ደብረ ማርቆስ ከገበያው ወረድ ብሎ ባለው ሰፈር፣ በጃንሆይ ዘመን፣ ጠላ ትሸጥ ነበር። የጠላ ቤት ምልክቱ ያኔም ዛሬም ያው ነው፤ በር ላይ እንጨት ይተከላል፣ ጫፉ ላይ ጣሳ ይደፋል፣ ጠላ ሲያልቅ ይወርዳል። የእናቴ ጣሳ ግን ከሌላው በሁለት ነገር ይለይ ነበር። አንደኛ ነጭ ነው፤ ዝናብ ባጠበው ቁጥር እየተንጠራራች በኖራ ትቀባዋለች፣ ከሽቅቡ መንገድ ጀምሮ እንደ ጥርስ ብልጭ ይላል። ሁለተኛ ቅዳሜ አይወርድም። በአዘቦቱ ጠላው ሲያልቅ ይወርድ ይሆናል እንጂ፣ የገበያ ቀን ከጎዛምን ጎጦች ሁሉ ገበሬው እህሉን፣ ቅቤውን፣ ዶሮውን ይዞ ሲመጣ፣ ያ ነጭ ጣሳ ከቦታው ጠፍቶ አያውቅም። ኋላ ከምነግራችሁ አንድ ቅዳሜ በቀር፣ ባዶ እንጨት የታየው አባቴ የሞተ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያኔ አርባው እስኪወጣ ድረስ አልተሰቀለም፣ የገጠሩም ሰው የአባቴን መርዶ የሰማው ከሰው አፍ ሳይሆን ከዚያ እንጨት ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤቱን ያቆመችው ጠላዋ ናት። ጌሾውን የምትገዛው ከአንዲት ሴት ብቻ ነው፤ ሴትዮዋ አርፍዳ ስትመጣ እናቴ የሌላውን ጌሾ ላለመንካት ገበያው እስኪበተን ተጎልታ ትጠብቃታለች። ጋኑ በወይራ ይታጠናል፣ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለ ከቤት ያስወጣናል፣ እሷ ግን ውስጥ ሆና እያነባች «ትንሽ ይቀረዋል» ትላለች። ሁልጊዜ ትንሽ ይቀረዋል። እንግዳ ሲገባ «እንደምን ሰነበታችሁ፣ ከብቱ ደኅና?» ብላ፣ ከምትቀዳው ላይ መዳፏ ውስጥ ጠብ አድርጋ ቀምሳ፣ ከዚያ ትሰጣለች። ለሹም ሲሆን ሌላ፣ ለድሃ ሲሆን ሌላ የሚባል ነገር አልነበራትም። አንድ ጊዜ አንዱ ጋን ሆምጥጦባት ጎረቤታችን «ኧረ ተይ አንጓች፣ ገበሬ በዚህ ጠራራ ውኃ ጥሙን ይቁረጥ እንጂ መች ይለየዋል!» ብትላት፣ ጋኑን ገፍታ ግቢው ውስጥ ደፋችው። የዶሮዎቻችን አካሄድ እስከ ማታ ድረስ ልክ አልነበረም።

የዛሬ ልጆች ይህን ሁሉ ብራንድ ይሉታል አሉ፤ በየሆቴሉ ተሰብስበው ስለ እሱ ሥልጠና ይወስዳሉ። እናቴ ቃሉን ሳትሰማ ሞተች። እሷ የምታውቀው «ሰው አንድ ቀን ካልተማመነብሽ ሌላ ቀን አይመጣም» የሚለውን ብቻ ነበር።

ነገሩ ለእኔ ከጠላም በላይ ነበር። የአባቴ ታላቅ ወንድም ደብረ ወርቅ አጠገብ ያለ ባለ መሬት ነው፤ ለአካለ መጠን እንኳ ሳልደርስ ለእኔ ባል አግኝቶልኛል። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ የወንድሙ ልጅ ጠላ ቤት ማደጓ ያሳፍረዋል፣ የባልቴት ንግድም ውሎ እንደማያድር እርግጠኛ ነው። እናቴ እግሩ ላይ ወድቃ «አያ፣ ቤቴ እስከቆመ ድረስ ልጅቷን ይተዉልኝ፣ ትማር» ብላ ለመነችው። እሱም «እስከ አጨዳ ልታገሥ። ቤትሽ ከተንገዳገደ ግን ይዣት እሄዳለሁ» አለ። ይህን መጋረጃ ጀርባ ቆሜ ሰማሁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤት ስሄድም ስመለስም መጀመሪያ የማየው ያንን ጣሳ ሆነ።

በዚያው ክረምት ከደጀን የሚመጡት የጭነት መኪናዎች ከሚቆሙበት አጠገብ አዲስ መጠጥ ቤት ተከፈተ። ሬዲዮ አለው፣ ወንበር አለው፣ ሰማያዊ ቀለም ያለው ሰሌዳ አለው። ሁለት ሦስት ቅዳሜ ቤታችን ሳሳ። ወንድሜ ስማቸው ደግሞ አዲስ አበባ አንድ ዓመት የንግድ ትምህርት ተምሮ መጥቷል፤ የተማረ ሰው ሆኖ ዝም ማለት አልቻለም። «እማ፣ በጣሳ የሚነገድበት ዘመን አልፏል» አላት። እናቴ በደህናው ቀን ቢሆን በማማሰያ ታባርረው ነበር፤ ነገር ግን አጨዳው ደርሷል፣ አጎቴ ሊመጣ ነው፣ ፈርታለች። ፈራች፣ እሺ አለች። ስማቸው አርብ ከሰዓት በኋላ ጣሳውን አወረደና ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ሰሌዳ ቸነከረ፤ በቀይ ፊደል «ዘመናዊ የጠላ ቤት» ይላል። በእውነት ያምር ነበር። ችግሩ ከደንበኞቻችን ውስጥ ፊደል የሚለይ አለመኖሩ ነው፤ ይህን ደግሞ የረሳነው የተማርነው ልጆች እንጂ እናቴ አልነበረችም፤ እሷ ፈርታ አፏን ይዛ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ቤቱ ተጠርጎ፣ ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ሰው የለም። ጋኖቹ ሞልተዋል፣ ሰው የለም። በበሩ ቀዳዳ ሳይ ገበሬዎቹ ከመንገዱ ማዶ ቆም ይላሉ፣ ቀና ብለው እንጨቱን ያያሉ፣ አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ። እናቴ ጓዳ ገብታ ተቀመጠች። እኔም አለቀልኝ ብዬ ደብተሬን ታቅፌ አለቀስኩ።

እኩለ ቀን ላይ ከውጭ የወንድ ጩኸት ተሰማ። «ወይኔ አንጓች! ወይኔ እህቴ!» የሚለው አያ ቢተው የሚባል፣ አባቴ በሕይወት ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ የኛን ደጅ ያልዘለለ ሽማግሌ ነበር። ጋቢውን አዘቅዝቆ ለብሶ፣ ደረቱን እየደቃ፣ ሰው አስከትሎ ገባ። ገበያው ውስጥ «የአንጓች ጣሳ ወርዷል» ተባብለው፣ አንጓች ሞተች ብለው፣ ሸቀጣቸውን ለልጆቻቸው አደራ ሰጥተው ለልቅሶ መምጣታቸው ነው! ሴቶቹ ነጠላቸውን አገልድመው ሙሾ ያወርዳሉ፤ አንዷማ «በመዳፏ ቀምሳ የምታጠጣኝ» እያለች ስታለቅስ፣ እናቴ ጓዳ ውስጥ በሕይወት እንዳለች እያወቅሁ እንኳ አስለቀሰችኝ። ግቢው ጢም አለ። ስማቸው ሰሌዳው ሥር ቆሞ «ደኅና ናት፣ ደኅና ናት» ቢል ማን ይስማው።

በዚህ መሐል አጎቴ በበቅሎው ደረሰ። እኔን ሊወስድ የመጣ ሰው፣ ዋይታውን ከበር ሲሰማ ከበቅሎው ወርዶ «የወንድሜን አደራ!» ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ያኔ ነው የራሷን ልቅሶ ሰምታ ለመውጣት የፈራችው እናቴ ማንቆርቆሪያ በእጇ እንደያዘች ከጓዳ ብቅ ያለችው። አያ ቢተው አያትና፣ ዓይኑን ጠርጎ፣ እንደገና አይቷት፣ ቆጣ አለ። «ሳትሞቺ ምነው አወረድሽው?» አላት። ከዚያ ሳቁም ልቅሶውም አንድ ላይ ፈነዳ፤ እናቴን ያላቀፋት፣ ያልሳማት፣ ያልገሠጻት አልነበረም። ሁለቱም ጋን ፀሐይ ሳትጠልቅ አለቀ።

አጎቴ አንድ ጥግ ተቀምጦ ሰውን ሲያይ ዋለ። ከጎኑ የተቀመጠውን አንዱን ገበሬ «ዘመዷ ነህ?» ብሎ ሲጠይቀው ሰማሁ። ሰውየው «የለም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ» አለው። ሊመሽ ሲል አጎቴ ተነሣና «አንጓች፣ ለወንድሜ እንኳ ይህን ያህል ሰው አልወጣለትም። ልጅቷ ትማር» ብሎ በቅሎው ላይ ወጣ። ስማቸውም ማንም ሳያዝዘው እንጨቱ ላይ ተንጠላጥሎ ጣሳውን መለሰ፤ ሰሌዳውን እናቴ የዶሮ ቤት በር አደረገችው።

እኔም ተማርኩ፤ አስተማሪ ሆንኩ። አዲስ አበባ ስመረቅ መጥታ እንድታየኝ ስለምናት «ምን ቀን ነው?» አለችኝ። ቅዳሜ ነበር። «ሰው ይመጣላ ልጄ» አለች። ተቀየምኳት፤ ለብዙ ጊዜ ተቀይሜያት ኖርኩ። አዲስ አበባ ቤት ይዤ ጠራኋት፣ ልጅ ወልጄ ጠራኋት፣ ታማ ለሐኪም እንኳ ጠራኋት፤ ሁልጊዜ ቅዳሜ ይመጣባታል። ለካ እኔን ለማስቀረት የተቸነከረችበት ቦታ እሷን ይዞ ቀርቷል። አንድ ቅዳሜ ብትጎድል ምን እንደሚሆን በዓይኗ አይታ፣ ሁለተኛ ለማጉደል ልብ አጣች።

ቤታችን የነበረበት ቦታ ዛሬ ፎቅ ነው፤ ከሥሩ ያለው ሱቅ በሄድኩ ቁጥር ስሙ ሌላ፣ ቀለሙ ሌላ፣ ባለቤቱም ሌላ ነው። የእናቴን ስም ብጠራ የሚያውቀው አንድ ሰው አላገኘሁም። እኔ ከተማርኩ ወዲህ አባይን ስንት ጊዜ እንደተሻገርኩ አላውቅም፤ እናቴ አንድም ቀን ሳትሻገረው ሞተች።