ከአሻንጉሊቷ ጀርባ

ወፍራም ሴት ቡቲክ የምትገባው ልብስ ለማየት እንጂ ለመግዛት አይደለም፤ በቃሊቲ ማረሚያ ቤት አቅራቢያ ልብስ የምትሸጠው የሥርጉት ጽኑ እምነት ይህ ነበር። እንደ ብዙዎቹ የሙያ ባልደረቦቿ፣ ልብስ ሲጠብ ጥፋቱን የምትጥለው በገላ ላይ ነው። ስለዚህ አንዲት ወፍራም ሴትዮ በጠባቡ በር በጎን ሲገቡ ከወንበሯ አልተነሣችም።

የሴትዮዋ ጥቁር ቀሚስ ብብቱ ሥር ሌላ ጨርቅ ተጨምሮበት እንዲሰፋ ተደርጓል። በእጃቸው ያንጠለጠሉት ባዶ ምሳ ዕቃ እስረኛ ጠይቀው መመለሳቸውን ይናገራል። ዓይናቸው መስኮቱ አጠገብ የቆመችው የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት በለበሰችው ቀይ ቀሚስ ላይ ዐረፈ።

«ማዘር፣ የእርስዎ ቁጥር የለም» አለች ሥርጉት፣ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር እንኳ ሳትነካ። «ነጠላ ቢገዙ ይሻላል፤ ሁሉን ይሸፍናል።»

«ልጄ ቅዳሜ ይፈታል። ከታሰረ ጀምሮ ከዚህ ጥቁር ቀሚስ ሌላ ለብሼ አላየኝም፤ ያን ዕለት እንኳ በሩ ላይ ቀይ ለብሼ ልጠብቀው ብዬ ነው።»

«ቀዩ ለቀጭን ነው። እንዴት ልክክ እንዳለላት አያዩም?»

ሴትዮዋ በዝግታ ወደ አሻንጉሊቷ ጀርባ ዞሩ። ቀሚሱ እዚያ ጭብጥ ሙሉ ተሰብስቦ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል።

«ለካ ለእሷም ልኳ አልነበረም» አሉ። «እሷን ግን ነጠላ ግዢ አላልሻትም።»

ይህን ብለው በመጡበት በር፣ በጎን ወጡ።

ለፕላስቲክ ገላ መርፌ ቁልፍ መደርደር ያልታከታት ሥርጉት፣ ለእኚህ እናት ማድረግ የነበረባት ከዚያ ያነሰ ነበር፤ ከወንበሯ ተነሥታ መለካት።