የመጠጥ ውሃ ያጠጣኋቸው ችግኞች

የማኅበራችን ሊቀ መንበር ከሁላችን ፊት፣ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ጭቃው ውስጥ ቆማለች። የችግኝ ባለሙያው ከጎኗ ቁጢጥ ብሏል። ሌሎቹ የማኅበሩ ሴቶች ደረቁ አሸዋ ላይ፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ተደርድረዋል። ችግኝና የባሕር ውሃ የምታመላልስልን ባለጋሪ ከእነሱ ፈንጠር ብላ የአህያዋን ገመድ ይዛለች። እኔ ከአህያው ኋላ ነበርኩ። በዚያ ሜዳ ላይ ሰው የሚከልል ሌላ ነገር አልነበረም።

ባሕሩ ሸሽቶ ስለነበር የተከልናቸው ማንግሮቮች፣ ጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅሉት ዛፎች፣ በየመስመራቸው ይታያሉ። አንዱ መስመር ብቻ ከጫፍ እስከ ጫፍ ደርቋል። የእኔ ነው።

ጅቡቲ የመጣሁት በወጣትነቴ ነው፤ ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር አንድ ቪላ ቤት ተቀጥሬ ስሠራ አረጀሁ። ከቪላው ጀርባ ያለው የባሕር ዳርቻ ያኔ በማንግሮቭ የተሸፈነ ነበር። ለማገዶም ለግመል መኖም እየተቆረጠ አለቀ። በየቀኑ በማድ ቤቱ መስኮት አየው ነበር፤ ማለቁን ያወቅኩት ግን ሥራ ትቼ ዋራበሌ ሰፈር ቤት ተከራይቼ ከገባሁ በኋላ፣ የሰፈሩ ሴቶች መልሰን እንትከል ብለው ሲሰበሰቡ ነው። ዓሣው የራቀን መጠለያ ስላጣ ነው አሉ። እኔም ገባሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል በመጨረሴ፣ ፈረንሳይኛም ከአሠሪዎቼ በመልቀሜ፣ በፈረንሳይኛ የተጻፈውን የአተካከል ወረቀት እያነበብኩ እንዳስረዳ ተመረጥኩ።

ወረቀቱ ግልጽ ነው። ችግኙን በየግቢያችን በመጠጥ ውሃ እናሳድጋለን፤ ሊተከል ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ግን የባሕር ውሃ እየቀላቀልን፣ በየሳምንቱ እየጨመርን ጨው እናስለምደዋለን። ይህን ጮክ ብዬ አነበብኩ። ደገምኩትም። አንዲት ሴት አልገባኝም ብትል «ቀላል እኮ ነው» አልኳት።

ከዚያ ቤቴ ገባሁና እጄ እምቢ አለኝ። ደጋ ላይ ላደገ ሰው፣ ለምለም ቅጠል ሥር ጨው ማፍሰስ ክፋት ሆኖ ይታየዋል። ባለጋሪዋ በጄሪካን የምታመጣልኝን የባሕር ውሃ ደጄ ላይ እየረጨሁ አቧራ አጠፋሁበት። ለችግኞቹ ከምጠጣው ቀንሼ ሰጠኋቸው። ከሁሉም በለጡ፤ ቅጠላቸው ያብረቀርቃል። ሊቀ መንበሯ ሴቶቹን ግቢዬ ድረስ አምጥታ አሳየቻቸው። ምስጢሩ ምንድን ነው ሲሉኝ «ትጋት» አልኩ። ይህን ሳስታውስ እስካሁን ጆሮዬ ይግላል።

ተተከሉ። ብዙም ሳይቆዩ ጠወለጉ።

«በሁለተኛው ዙር ለብቻቸው የተጫኑት እነዚህ ናቸው» አለች ሊቀ መንበሯ ለባለጋሪዋ። የምናወራው በሶማሊኛ ነው። «ፀሐይ ላይ አቁመሻቸው ሻይ ስትጠጪ ነው ያለቁት።»

«ሻይ የጠጣሁት ካወረድኩ በኋላ ነው።»

«የኢዶን ችግኝ ሁላችንም አይተናል።» ኢዶ የሚሉት እኔን ነው፤ አክስት ማለት ነው። «እንደዚያ ያማረ ነገር ያለምክንያት አይደርቅም። ለሚቀጥለው ተከላ ሌላ ጋሪ እንፈልጋለን።»

ባለጋሪዋ እኩያዬ ነች። ከማኅበሩ ሌላ ሥራ የሚሰጣት እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን። የአህያዋን ጆሮ ማሸት ጀመረች።

ባለሙያው አንዱን ችግኝ ነቅሎ ሥሩን አገላበጠና ወደ እኔ ዞረ። ድሬዳዋ ያደገ ስለሆነ ለአሮጊትም «አንቺ» ነው የሚለው።

«እማማ፣ የባሕሩን ውሃ ስንት ሳምንት ሰጠሻቸው?»

የጠየቀኝ በአማርኛ ነው፤ ሌሎቹ አልገባቸውም። «እንደ ወረቀቱ ነው» ብዬ ብመልስለት ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። አፌንም ለዚያው ከፍቼ ነበር። ከአህያው ኋላ ወጣሁ።

«የባሕር ውሃ አንድ ቀንም አልሰጠኋቸውም» አልኩ፣ በሶማሊኛ።



«ምን አጠጣሻቸው ታዲያ?» አለች አንዷ ከአሸዋው ላይ።

«የምጠጣውን።»

«አፍልተሽ ነው?»

«ስኳሩስ ስንት ማንኪያ?» አለች ሌላዋ። ሳቁ ከዚያ በኋላ አልቆመም።

ሊቀ መንበሯ ብቻ አልሳቀችም። «ኢዶ፣ ወረቀቱን ያነበብሽልን አንቺ አይደለሽም?»

«እኔ ነኝ።»

«ጮክ ብለሽ!»

«ሁለት ጊዜ።»

ባለጋሪዋ ወደ እኔ ሳታይ፣ «ደጃፍሽ በጨው ነጥቶ አይቻለሁ። ዓሣ የምታጥቢበት መስሎኝ ነበር» አለች።

ይቅርታ ጠየቅኳት።

«እኔን ምን አድርገሽኝ? ያን ሁሉ ውሃ ዳገት ያወጣው ይሄ ነው። እሱን ጠይቂው።»

ሴቶቹ ሁሉ እያዩኝ አህያውን ይቅርታ ጠየቅኩት። ፊቱን አዞረ።

ሊቀ መንበሯ ፈረደች። ጋሪው አይቀየርም። የእኔ ድርሻ ችግኝ ከእንግዲህ የሚያድገው ባለጋሪዋ ግቢ ነው። ማንበቡ ግን የሚተካኝ ስለሌለ በእኔው ይቀጥላል።

«ማንበብ ብቻ» አለች፣ ጣቷን ቀስራ።

«ማንበብ ብቻ» አልኩ።

ጫማዬን አንስቼ ወደ አስፋልቱ ወጣሁ።