የጓሮው እባብና የአማቴ መቋሚያ

ከቀበና ወንዝ ከፍ ብሎ፣ መሬቱ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ማለት በሚጀምርበት ተዳፋት ላይ ነበር ቤታችን። ዛሬ እዚያ ፎቅ ቆሞበታል። እኔ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ በአሥራ ሰባት ዓመቴ ተድሬ ስገባ ግን በላይ በኩል ከአጥራችን ወዲያ ባሕር ዛፍ፣ ከባሕር ዛፉ ወዲያ ጅብ ብቻ ነበር። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ ጓሮው ግን ሰፊ። አማቴና ሟች ባለቤታቸው በጉልበታቸው ጊዜ ከወንዙ ድንጋይ እያጋዙ ተዳፋቱን አራት እርከን አድርገውታል። በየእርከኑ ላይ ጎመን፣ ድንች፣ ነጭ ሽንኩርትና ጌሾ ይበቅላል። በየእርከኑ ድንጋይ ውስጥ ደግሞ እባብ ይኖራል።

እኔ ያደግሁት መሀል ከተማ፣ ግድግዳ ለግድግዳ በተጣበቁ ቤቶች መካከል ነው። እባብ የማውቀው ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ፣ ሔዋን አጠገብ ዛፍ ላይ ተጠምጥሞ ነው። በገባሁ በሳምንቴ ጎመን ስቀነጥስ አንድ ጅራት ድንጋዩ መካከል ሲሾልክ አይቼ የያዝኩትን በትኜ ሮጥኩ። አማቴ እንኳን ሊደነግጡ ከተቀመጡበትም አልተነሱም።

«ገባ?» አሉኝ።

«ገባ፣ እማማ።»

«ከገባማ ቤቱ ነው።»

እንዲህ ነበር የሚኖሩት። ድንጋዩ ውስጥ ያለ እባብ ጎረቤት ነው፤ አይነካም፣ አይነካካም። ለጎረቤትነቱም ደንብ አለው። ዓይንሽ ያልገባበት እጅሽ አይግባ፣ ይሉኛል። እንጨት ከክምሩ ከመሳብሽ በፊት ክምሩን በእግርሽ ምቺው። ቀትር ላይ ድንጋዩ ሲግል ለነሱ ተዪላቸው፤ ፀሐዩ የነሱ ነው። በደጃፉ ግራና ቀኝ ጤና አዳም ተተክሏል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ወቅጠው በበሩ ዙሪያ ይረጩ ነበር። ከመሸ በኋላ ስሙ አይነሣም፣ «ያ ረጅሙ» ይባላል። እኔ መጀመሪያ በሆዴ እየሳቅሁ፣ ኋላ ግን ሁሉንም ደንብ አንድ በአንድ ያዝኩ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ፤ የልብስ ማስጫ ገመድ ወድቆ ባየሁ ቁጥር የምዘል ሴት ምን ምርጫ ነበረኝ?

ከደንቡ ሁሉ የከበደው ግን የመጨረሻው ነው። ከድንጋዩ ወጥቶ ወደ ሰው መቀመጫ የመጣ እባብ ይገደላል። ሲገደል ደግሞ የተገደለበት በትር አብሮት ገደል ይገባል። «እባብ ግደል ከነበትሩ ገደል» ሌላው ሰው ለተረት የሚለው ነው፤ አማቴ ግን ይኖሩበት ነበር። መርዙ በትሩ ላይ ይወጣል፣ ቀን ጠብቆ ከብት ወይ ልጅ ላይ ያርፋል፣ ባይ ናቸው።

በጎን በኩል ከአጥሩ ማዶ አንድ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር፤ በፊት አራሽ፣ በኋላ ጥቂት ላም ይዘው ወተት የሚያቀርቡ፣ ለላሞቻቸው በኦሮምኛ፣ ለኛ በአማርኛ የሚያወሩ ቀልደኛ ሰው። አንድ ቀን የኛ በር ድረስ የመጣ እባብ በወይራ ዱላቸው ገደሉልን። የወይራ ዱላው ለዓመታት ቅቤ እየጠጣ እንደ መስታወት የሚያበራ ነበር። አማቴ አመሰገኑና ወዲያው ዱላውን እንዲጥሉ አዘዟቸው። ሰውየው እየሳቁ ተከራከሩ፤ አማቴ ከበሩ አልነቃነቅ አሉ። በመጨረሻ ከቤታችን በታች ካለው ገደል ወረወሩት፤ ሲመለሱ ባዶ እጃቸውን እያዩ፣ «እንግዲህ የሚቀጥለው ሲመጣ በምርቃት ነው የምመልሰው» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። ለወር ያህል ግን ዱላ እንዳጣ ሰው አንድ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ሲቸግራቸው አይ ነበር።

ባለቤቴ በቀበና በኩል አንድ የፈረንጅ ግቢ ውስጥ አትክልተኛ ነበር። ማታ ሲመጣ በእርጥብ ጋዜጣ የተጠቀለለ ችግኝ ይዞ ይመጣል፤ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ሰላጣ፣ አበባም ጭምር። እኔ እንዳላደባልቀው በየመደቡ ራስ ላይ ስሙን ጽፎ እንጨት ይተክልልኛል። ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፤ ፊደል የለየሁት በነዚያ እንጨቶች ነው። ሌላው ሰው ከ«ሀ» ሲጀምር እኔ ከ«ካ» ጀመርኩ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ጓሮው በኔ እጅ ገብቶ ነበር፤ አማቴ ጉልበታቸውን እያመማቸው ስለመጣ ከላይኛው እርከን ሆነው ማዘዝ ብቻ ነው።

የሚመረኮዙት የባለቤታቸውን መቋሚያ ነበር። ሟቹ የባለቤቴ አባት እንጦጦ ላይ መሪጌታ ነበሩ፤ ሌሊቱን ሙሉ በማኅሌት ሲቆሙ የሚደገፉት ያንን መቋሚያ ነው። ራሱ ላይ አገጫቸውን ያሳርፉበት የነበረው ቦታ ከመለስለሱ የተነሣ ቆዳ ይመስላል። እሳቸው ከሞቱ ወዲህ ሌላ ሰው አልነካውም። አማቴ ሲተኙ አልጋቸው ራስጌ ያቆሙታል፤ ጠዋት ከሰው ሁሉ በፊት ጨብጠውት ይነሣሉ።

መስከረም ላይ ነው፣ ሣሩ ከጉልበት በላይ በደረሰበት ሰሞን። እኔ ሁለተኛው እርከን ላይ አርማለሁ። የስምንት ወር ልጄን ከጌሾው ሥር ሰሌን ላይ አስቀምጫታለሁ። አማቴ ከበታቻችን ተቀምጠው ነጭ ሽንኩርት ይለቅማሉ፤ ሲወርዱ መቋሚያውን ጌሾው ላይ አስደግፈውት ነበር። ቀና ስል ልጄ እየሳቀች እጇን ዘርግታለች። የዘረጋችው ከድንጋዩ ሥር ወጥቶ በሰሌኑ ጠርዝ ወደሚሳብ ቡናማ እባብ ነው።

ዶማዬ የት እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም። እጄ የገባውን አነሣሁና መታሁ። ስንት ጊዜ እንደመታሁም አላውቅም። ሲበቃኝ እባቡ ተጨፍልቆ ነበር። የያዝኩትን ያየሁት ያኔ ነው። መቋሚያውን በጫፉ ጨብጬ በራሱ ነበር የመታሁት፤ ደሙ ያ የለሰለሰው ቦታ ላይ ነው።

አማቴ ያለ ምርኩዝ፣ በአራት እግራቸው ድኸው እርከኑን ወጡ። መጀመሪያ ልጄን አነሡ። እጇን፣ እግሯን፣ ጣት በጣት ገላልጠው አዩ። ቀጥሎ እባቡን አዩ። ከዚያ እጄን አዩ።

«አስቀምጪው» አሉ በመጨረሻ፤ «ቤት እንዳታስገቢው።»

አጥሩ ላይ አስደገፍኩት። እሳቸውም ልጄን ለኔ ሰጥተው በግድግዳው እየተደገፉ ገቡ። ከዚያ በኋላ የቆጡኝ ቁጣ የለም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የአንድን ሰው ትዳር ሙሉ የያዘ እንጨት አረከስኩ፣ አሁን ወደ እናቴ ቤት እመለሳለሁ፣ ብዬ ልብሴን በልቤ ቋጠርኩ።

ባለቤቴ ማታ መጥቶ የሞተውን እባብ ገለባብጦ አየ። እንዲህ ያለው ቡናማ ጎመን የሚበላውን ቀንድ አውጣ እየለቀመ የሚኖር እንጂ ሰው የሚነድፍ አይደለም፣ እኔ በምሠራበት ግቢ እንዲገደል አይፈቀድም፣ አለ። ለማጽናናት ነበር፤ እኔን ግን ጨርሶ ገደለኝ። ለካ በከንቱ ነው። አማቴ ከውስጥ ሰምተው ኖሮ፣ «ልጅ አጠገብ የተገኘ እባብ ትንሽ የለውም፤ ደግ አደረገች» አሉ። ይህን ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

መቋሚያው ሦስት ቀን አጥሩ ላይ ቆመ። ባለቤቴ እንዳይጣል ለመነ፤ የአባቱ ነዋ። ሌላ ዱላ ላምጣና በሱ ፈንታ ያንን እንጣል ሲል አማቴ፣ «እግዜር እንጨት አይለይም ልትለኝ ነው?» አሉት። በነዚያ ቀናት ደጅ ለመውጣት በር ይይዛሉ፣ ከበሩ ወደ ምሰሶው፣ ከምሰሶው ወደ አጥሩ። አጥሩ ጋ ሲደርሱ መቋሚያው አጠገብ ይቆሙና ሳይነኩት ይመለሳሉ።

በሦስተኛው ቀን የነፍስ አባታቸው መጡ። ነገሩን ሰምተው ብዙም አላስጨነቃቸውም። ማኅሌት ሲቆም የኖረ እንጨት መርዝ አይዘውም፣ ጸበል እረጭበታለሁ፣ ይመረኮዙበት፣ አሉ። ረጩበትም። እኔ ከበሩ ኋላ ሆኜ እፎይ አልኩ። ደስታዬን ለመደበቅ ልጄን አቅፌ አንገቷ ሥር ገባሁ። ቄሱ ሲሄዱ አማቴ መቋሚያውን አነሡ፤ ተመረኮዙት። ከዚያ ግን መንገዳቸው ወደ ገደሉ ሆነ።

ልጄን አዝዬ ከኋላ ተከተልኩ። «እማማ፣ ቄሱ እኮ ፈቀዱልዎ» አልኩ።

«የፈቀዱት ለኔ ነው» አሉ ሳይዞሩ። «ለጎረቤቴ ማን ፈቀደለት? የሰው በትር አስጥዬ የራሴን ላቅፍ? ነገ በዚያ አጥር ላይ በየትኛው ዓይኔ ላየው?»

ሽማግሌው ከላሞቻቸው ጋር አይተውን ኖሮ ነገሩ ገብቷቸው እየተጣደፉ መጡ። ፊታቸው ላይ የዘወትሩ ሳቅ አልነበረም። «ይተዉት እንጂ» አሉ፤ «እኔ የጣልኩት ዱላ ነው፤ ይሄ መቋሚያ ነው።»

«እባቡ መች ለይቶ ሞተ?» አሉ አማቴ።

ራሱን፣ ያንን የለሰለሰውን ቦታ፣ ተሳለሙት። ከዚያ ወረወሩት። ክንዳቸው ደካማ ነውና ከታች ከወንዙ ሳይደርስ ከገደሉ ወገብ ላይ አንድ የአጋም ቁጥቋጦ ያዘው። ሁላችንም ቆመን አየነው። ወርዶ ሊገፋው ያሰበም ሊያወጣው ያሰበም ከመካከላችን ነበረ መሰለኝ። አማቴ፣ «ይበቃዋል» አሉና ዞሩ። ሲዞሩ የሚመረኮዙት የለም። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉ።

መቋሚያው በበጋው ሁሉ እዚያው ተሰቅሎ ይታየን ነበር። ባለቤቴ እሑድ እሑድ ገደሉ አፋፍ ሄዶ ያየዋል፤ አንድ ቀን ግን ወርዶ አላወጣውም። ሲከርም አንድ ጠዋት ሳየው የለም። ሽማግሌው በበኩላቸው አንድ ሸጋ የወይራ ዱላ ልጠው፣ ቅቤ ቀብተው አመጡላቸው። አማቴ መርቀው ተቀበሉ። በማግሥቱ አደንጓሬዬን ሊያቆሙበት ተከሉት። ሽማግሌው በአጥሩ ላይ አይተው፣ «የኔ ዱላ ዕድሉ መሬት ነው» ብለው ሳቁ፤ እንደተቀየሙ አላየሁም።

አማቴ ሌላ ምርኩዝ አልያዙም። ከዚያ ወዲያ ጓሮ ሲወርዱ በኔ ትከሻ ነው። ሰው በእጅ ሲደገፍህ ብዙ ነገር ታውቃለህ። ድንጋዩ ጋ ስንደርስ አውራ ጣታቸው አጥንቴ ላይ ጥብቅ ይላል፤ ስናልፈው ይላላል። ያንን ሁሉ ደንብ ያወጡት ሴትዮ ከኔ ይልቅ ይፈሩ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ በፍርሃት ከሚፈሩት ነገር ጋር በሰላም ኖሩ። ይህን ነግረውኝ አያውቁም፣ እኔም ጠይቄ አላውቅም። ድንጋዩ ጋ ስንደርስ በእባቦቹ በኩል ያለውን ጎን እኔ ይዤ መሄድ ጀመርኩ።

በመደቦቹ መካከል የነበረው መንገድ ለአንድ ሰው የሚበቃ ነበር፤ ጎን ለጎን ስንሄድ አንዳችን ሰላጣውን እንረግጣለን። ስለዚህ በዚያው ዓመት አንድ መደብ ጎመን ነቅዬ መንገዱን ለሁለት ሰው አሰፋሁት።