የእትዬ ራጅ ደብዛዛ አምፖሎች

የፎቃችን ሰው እትዬ ራጅ የሚላቸው በሥራቸው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሆስፒታል ውስጥ ራጅ ሲያነሱ፣ ፊልሙንም ጨለማ ክፍል ገብተው በትንሽ ቀይ መብራት ሲያጥቡ ኖረው ጡረታ ወጡ። ወጡ እንጂ አላረፉም። ምድር ቤት ያለውን መስኮት አልባ ክፍል ጠርገው፣ መደርደሪያ አቁመው፣ አሥራ ሁለት ቀይ አምፖሎች ሰቅለው፣ ፔቱኒያ የሚባለውን አበባ በባዶ የቀለም ቆርቆሮ ተከሉ። ከበሩ ሥር ቀይ ብርሃን ሲወጣ ያየ ሁሉ "ምድር ቤት መጠጥ ቤት ተከፈተ" ብሎ አሾፈ። እሳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ግን ክፍሉን ለዕቃ ማስቀመጫ ፈለገው። ስብሰባ መሐል ተነስቶ፣ "ፀሐይ ያላየ አበባ የት አገር ነው የሚያብበው?" አለ። ሰው ሳቀ። እትዬ ራጅ አልሳቁም። "ሁለት ወር ስጡኝ። ካላበበ ቁልፉን በእጄ አስረክባለሁ" አሉ። እኔ ብሆን አፌን እይዝ ነበር። ያቺ ክፍል ከሄደች የሚቀራቸው ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ማየት ነው።

ከአሥራ ሁለቱ አምፖሎች አራቱ ለየት ይላሉ። ቢበሩም እንኳ ሊጠፋ የተቃረበ ፍም ይመስላሉ። "ደማቁ ቀይ ያሳድገዋል፤ ይሄ ደብዛዛው፣ ሩቁ ቀይ የሚሉት ደግሞ 'በል አሁን አብብ' ይለዋል" ብለው አስረድተውኛል። "የእኛ ዓይን አይደርስበትም፤ ቅጠሉ ግን ያውቀዋል።"

ታናሽ ወንድማቸው ኤሌክትሪሺያን ነው። እጁ የተመሰገነ፣ ያልተበላሸ ነገር ሲያይ ግን ቅር የሚለው ሰው። እሳቸው ጉንፋን ጥሏቸው ሁለት ሳምንት ሲተኙ ውሃ ማጠጣቱን እሱ ያዘ። ድነው ሲወርዱ ተክሎቹ ድንክ ሆነው ቅጠል ብቻ ታቅፈዋል። እምቡጥ የሚባል የለም። ቀና ብለው መብራቱን አዩ። አሥራ ሁለቱም ቦግ ብለዋል።

"እነዚያ ደብዛዛዎቹስ?"

"ተቃጥለው ነበር እኮ እታለም። በአዲስ ቀየርኩልሽ።"

እትዬ ራጅ ተናደዱ። ግን ዕድሜውን ሙሉ ያልበራ አምፖል ሲቀይር የኖረ ሰው ከዚህ ሌላ ምን ያድርግ? እሳቸውም ይህ የገባቸው ይመስለኛል፤ "የት አደረግኻቸው?" ብቻ አሉት። ደግነቱ መሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ነበሩ። መሰላሉን ራሳቸው ወጥተው አራቱንም መልሰው ሰቀሉ። ለቀጠሮው ሃያ ቀን ቀርቷል።

በሃያኛው ቀን ሰብሳቢው ሁለት የኮሚቴ አባላት አስከትሎ ወረደ። ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ ዞረና አንዱ ላይ ቆመ።

"ይሄ አበባ ነው?"

"እምቡጥ ነው።"

"ቃልዎ አበባ ነበር እትዬ። ቁልፉን ያምጡ።"

እትዬ ራጅ ፍንክች አላሉም። "ክንድህ የተሰበረ ጊዜ ራጅ ያነሳሁህ እኔ ነኝ። ብርሃኑን አይተኸዋል?"

"አላየሁም።"

"ታዲያ ፊልሙ እስኪታጠብ በር ላይ ቁጭ ብለህ የጠበቅከው ምን ብለህ ነው?"

ሰብሳቢው ሳይታወቀው ያንኑ ክንዱን ያዘ። እሳቸው ጥግ ያለችውን ወንበር ጎተት አድርገው አቀረቡለት።

"ቁጭ በልና ጠብቅ።"

"ስንት ደቂቃ?"

"ስድስት ቀን።"

ከኋላው ያሉት ሁለቱ ሳቁ። በዚህኛው ሳቅ እትዬ ራጅም ነበሩበት። ቁልፉን ግን አልሰጡም፤ እሱም ሳይቀመጥ ወጥቶ ሄደ።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ሰብሳቢው ወደ ሥራ ሊሄድ በሩን ሲከፍት፣ ደጃፉ ላይ የቀለም ቆርቆሮ ቆሟል። ፔቱኒያው አፉን ከፍቷል። ቆርቆሮው የተቀመጠው ያቺው ወንበር ላይ ነበር።